ሦስት ነጥብ ያለበት አሞርዛተር

ነጭ ጋዝ በሸተተኝ ቁጥር ጥፍሮቼን አያለሁ። ባለፈው ሳምንት የቢሯችን የጽዳት ሠራተኛ ወለሉ ላይ የፈሰሰ ቀለም በነጭ ጋዝ ስትፈትግ ሽታው ደረጃውን ወጥቶ እኔ ጠረጴዛ ድረስ መጣ። ሳላስበው ጣቶቼን ዘርግቼ ጥፍሮቼ ሥር ጥቁር ቀለም መኖሩን አየሁ። ምንም የለም። አሥር ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ቀለም ከየት ይመጣል? ያ ሽታ ከመጣ በኋላ ግን ሥራዬን መሥራት አልቻልኩም። ግቢያችን፣ ክሪክ ላይ የተነሣች ነጭ መኪና፣ ከሥሯ የወጣ የአባዬ እግር፣ ሁሉም ተከታትለው መጡ።

ያኔ የምንኖረው ከሸማ ተራ ጀርባ፣ በአንድ የቆርቆሮ በር ከጎረቤት ጋር በምንገባበት የቀበሌ ቤት ነበር። ግቢው ሁለት ቤትና ሁለት መኪና ይይዛል፤ ከዚያ በላይ አንድ ዶሮ ቢጨመር ይጨንቀዋል። አንዱ ቤት የኛ ነው። እናቴ ሸማ ተራ ነጠላ ትሸጣለች፤ አባዬ ደግሞ ኋላዋ ሰፊ በሆነች አሮጌ ነጭ መኪና የነጋዴ ዕቃ ያመላልሳል። በሌላኛው ቤት ጋሼና ባለቤታቸው እትዬ ይኖሩ ነበር። ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመንግሥት መጋዘን ኃላፊ ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። መኪናቸው ከኛዋ ጋር አንድ ዓይነት ናት፤ ልዩነታቸው ቀለማቸው ብቻ ነው፣ የእሳቸው ሰማያዊ ነች።

ጋሼ ሰው አያምኑም ነበር። ሐሜት እንዳይመስላችሁ፤ ራሳቸውም ሲናገሩት አያፍሩበትም። «መጋዘን ይዞ ያረጀ ሰው ካመነ ጤና የለውም ማለት ነው» ይሉ ነበር። ንብረታቸው ላይ ሁሉ ምልክት አለ፤ ሦስት ነጥብ፣ ከሥሩ አንድ አግድም ጭረት። ባልዲው ላይ በቀለም፣ የመጥረጊያው እጀታ ላይ በቢላ፣ ዣንጥላው ላይ በክር። መኪናቸው ላይ ደግሞ በሚስማርና በመዶሻ ነው፤ መስታወቱ፣ ባትሪው፣ ቸርኬው፣ እጃቸው የደረሰበት ብረት ሁሉ ተነጥቧል። መርካቶ ውስጥ የመኪናው ዕቃ ላይ ምልክት የሚያደርግ ሰው ሞልቷል። መስታወቱ ሌሊት ተነቅሎ በማግሥቱ ሶማሌ ተራ ሄዶ የገዛ መስታወቱን መልሶ የገዛ ዘመድ የሌለው ማን አለ? ጋሼ ግን አበዙት። እናቴ «እትዬንም ሳይነጥቧት አይቀሩም፣ አላየንም እንጂ» እያለች ትስቅ ነበር።

አንድ ክረምት ባልዲ ጠፋብኝ ብለው ግቢውን ሲያምሱ ዋሉ። እኛን አዩን፣ ውኃ ቀጂዋን አዩ፣ ቆራሌውን አዩ። ማታ ላይ ባልዲው ከራሳቸው አልጋ ጀርባ ተገኘ፤ ጣሪያው ሲያፈስ ራሳቸው ደቅነውት ኖሯል። ለአንድ ዓመት ያህል ሳቅንበት።

አባዬን ግን ይወዱት ነበር። ያምኑት ነበር አላልኩም፣ ይወዱት ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለቱም የመኪኖቻቸውን ኮፈን ከፍተው ጎን ለጎን ይቆሙና አንዱ የሌላውን ሞተር ድምፅ ይተቻል። አባዬ «የእርስዎዋ ጉንፋን ይዟታል» ይላል። ጋሼ «ያንተዋ ሳምባዋ ነው የታመመው» ይላሉ። ጀንበሯ ከጣሪያው በታች ስትወርድ ኮፈኖቹ አንድ ላይ ይዘጋሉ። ያን ድምፅ ስሰማ ነበር ቅዳሜ አለቀ የምለው።

ይህ ሁሉ የቆመው ከፋሲካ በፊት ነው። የጋሼ መኪና ፍሬኗ አስቸግሮ አባዬ አንድ ጋራዥ ጠቆማቸው። መኪናዋ እዚያ አድራ ፍሬኗ ተሠርቶ ተመለሰች። የግቢውን ደፍ ስትሻገር ግን ኋላዋ ከፍ ዝቅ እያለ አልቆም አለ። ጋሼ ወርደው፣ መሬት ላይ ተንበርክከው ከሥሯ አዩና ቀስ ብለው ተነሡ።

«ወስደውብኛል» አሉ።

የወሰዱባቸው ሁለቱን የኋላ አሞርዛተሮች ነው። መኪና ጉድጓድ ስትረግጥ ሞላው እየዘለለ እንዳይቀር የሚይዙት፣ ክንድ የሚያክሉ የብረት ቱቦዎች ናቸው። የጋሼ ኦሪጅናልና ምልክት ያለባቸው ነበሩ። በቦታቸው የተገጠሙት ያለቁና ምልክት የሌላቸው ሆነው ተገኙ። ጋሼ ጋራዡ ድረስ ሄደው ጮኹ። የጋራዡ ባለቤት በሠራተኞቹ ፊት «እኚህ ሰውዬ ባልዲም ጠፋብኝ ይላሉ አሉ» ብሎ ሳቀባቸው።

ነገሩን ያበላሸው ያ ሳቅ ነው። የባልዲውን ወሬ ለጋራዡ ሰው ማን ነገረው? አባዬ ነበር፤ አንድ ቀን ሻይ ሲጠጡ፣ እንዲያው ለጨዋታ። ጋሼ ይህን አሰሉት። ጋራዡን የጠቆመው እሱ፣ የባልዲውን ወሬ ያደረሰው እሱ። ከዚያ ወዲያ ለአባዬ የሚሰጡት ሰላምታ በአንገት ብቻ ሆነ። ቅዳሜም የሳቸው ኮፈን አልተከፈተም። እትዬ አንድ ቀን ቧንቧው ጋ እናቴን በሹክሹክታ «ድርሻ ተቀብሏል ነው የሚለው። እኔ አላልኩም፣ እሱ ነው» አለቻት።

አባዬ ይህን ሲሰማ ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር። ራቱን ገፋ አደረገና «ብምል ደግሞ ለምን ማለ ይላሉ» አለ። ለእኔ ከሁሉ የከፋው ነገር እሱ ነበር። አባቴ በገዛ ግቢው ሲገባና ሲወጣ እንደ ተከሳሽ ቁልቁል እያየ መሄድ ጀመረ።

መስከረም ላይ የኛዋም መኪና ተራዋ ደርሶ የኋላ አሞርዛተሮቿ ዘይታቸውን ተፉ። አባዬ ወደዚያ ጋራዥ ቢወስዳት የጋሼን ጥርጣሬ በገዛ እጁ ማጽደቁ ነው። ሌላ ጋራዥ እንዳይወስዳት ደግሞ፣ አሁን እሱ ራሱ ጋራዥ የሚባል ነገር ማመን አቁሟል።

«እቤት እንቀይረዋለን» አለ።

«ማን ነው የሚቀይረው?» አለች እናቴ።

«እኔና እሷ።»

እሷ እኔ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ውጤት እየጠበቅሁ ነበር። ስልኬ ላይ አንድ ሰውዬ አሞርዛተር ሲፈታና ሲገጥም የሚያሳይ ቪዲዮ አግኝቼ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። በምን ቋንቋ እንደሚናገር ባላውቅም እጁን አይቼ ተምሬያለሁ። አባዬ በመኪና ዕድሜውን የፈጀ ሰው ቢሆንም ከጎማና ከዘይት በስተቀር ፈትቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ለሁለታችንም የመጀመሪያችን ነው።

ዕቃውን ለመግዛት አብሬው ሶማሌ ተራ ሄድኩ። አዲስ አንገዛም አለ። ካርቶኑ ውስጥ ያለው አዲስ ሁሉ ፎርጅድ ነው፣ ያገለገለ ኦሪጅናል ይሻላል፤ ይህን የማይል የመርካቶ ሰው አላውቅም። ሱቁ ጠባብ ነው፤ የጎማና የግሪስ ሽታው ዓይን ያቃጥላል፤ ከኋላችን ወዛደሮች «ዞር በል፣ ዞር በይ» እያሉ ያልፋሉ። ሻጩ ጥቁር ቀለም የተቀቡ ሁለት አሞርዛተሮች አወጣ። አባዬ የአንዱን ዘንግ ወደ ታች ገፍቶ ለቀቀው፤ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል ተመለሰ። ጥሩ ዕቃ ነው። አባዬ ግን ቀለሙን በጥፍሩ ጫር አደረገው።

«ለምን ቀባኸው?»

«ሰው ንጹሕ ዕቃ ይወዳል ብዬ ነዋ።»

«ከየት የመጣ ነው?»

«ፋዘር፣ ዕቃ ነው የሚገዙት ወይስ የልደት ካርድ?» አለና ሳቀ። አባዬ አልሳቀም፤ ግን ገዛው። ደረሰኝ ሲጠይቅ ሻጩ ሌላ ደንበኛ መጣልኝ ብሎ ፊቱን አዞረ።

ሥራውን ለእሑድ ጠዋት ያደረገው አስቦበት ነው። እሑድ ጠዋት ጋሼና እትዬ ቤተ ክርስቲያን ናቸው፤ የሚያየን ሰው የለም። መኪናዋን በክሪክ አንሥተን የፊት ጎማዎቹን በድንጋይ ደገፍን። የኋላውን ጎማ ፈታን። እሑድ ስለሆነ የምን አለሽ ተራ መዶሻ እንኳ ሰነፍ ብሏል፤ ከሩቅ አንድ ሁለቴ ይመታና ዝም ይላል። የአሮጌው አሞርዛተር የታችኛው ዳዶ ግን ዝጎ አልላቀቅ አለ። ነጭ ጋዝ አፈሰስንበትና እስኪጠጣው ድረስ አባዬ ሌላውን ሊሞክር ከመኪናዋ ሥር ተኛ። እኔ የገዛነውን አሞርዛተር አነሣሁ። ብሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ በቀለሙ ጠቦ ነበርና በነጭ ጋዝ በነከርኩት ጨርቅ መጥረግ ጀመርኩ።

ቀለሙ ወዲያው ለቀቀ። ከሥሩ የሚታየው ነገር መጀመሪያ ዝገት መስሎኝ ነበር። በደንብ ስፈትገው ሦስት ነጥብ ሆነ። ከነጥቦቹ ሥር ጭረት አለ።

ሁለተኛውን አንሥቼ ፈተግሁት። እዚያም አለ።

«አባዬ፣ ውጣ» አልኩ።

ወጥቶ አየው። ለረጅም ጊዜ አየው። እናቴ ከቤት ወጥታ በትከሻው ላይ አሻግራ ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጋሼ ወር ቆጥረው የፈለጉት፣ አባዬ ድርሻ በልቶበታል የተባለው ዕቃ፣ አሁን የአባዬ መኪና አጠገብ፣ በአባዬ ልጅ እጅ ላይ ነው። ተገጥሞ ቢያገኙት ደግሞ በቃ፣ ሰው ምን ቢል አይሰማም።

«ሞረድ አለን» አልኩና ከዕቃ መያዣው አወጣሁት።

አባዬ ሞረዱን ተቀበለኝ። አንዴ ነጥቦቹን፣ አንዴ ሞረዱን አየና መሬት ላይ ጣለው።

«ይሄን ብሞርደው እኮ እውነትም ሌባ ሆንኩ ማለት ነው» አለ።

«እንግዲያው ለሻጩ መልስለት» አለች እናቴ።

«ነገ ለሌላ ሰው ይሸጠዋል። የሰውየው ዕቃ እጄ ላይ ነው።»

«ሌባ ብለውሃል፤ አንተ ደግሞ ያጡትን ተሸክመህ ይኸው ልትላቸው ነው?»

አባዬ ምን ሊመልስላት እንደነበር አላወቅሁም፤ የቆርቆሮው በር ቁልፍ ሲዞር ሰማን። ጋሼና እትዬ ነጠላቸውን እንዳጣፉ ገቡ። አባዬ አሞርዛተሮቹን በሁለት እጁ አንሥቶ ግቢውን አቋርጦ ፊታቸው ቆመ። ጉልበቱ አካባቢ ሱሪው በጭቃ ተለውሶ ነበር።

«ጋሼ፣ ይህን ሐሙስ ዕለት ከሶማሌ ተራ ገዛሁት። ቀለሙ ሲለቅ ምልክት ወጣበት። እስኪ ይዩት።»

ጋሼ ቶሎ አልተቀበሉትም። ከነጠላቸው ሥር መነጽራቸውን አወጡ፣ ጠረጉ፣ አደረጉ። አንዱን ተቀብለው ወደ ብርሃን ዞሩና አውራ ጣታቸውን ነጥቦቹ ላይ አሳለፉ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። እኔ ፊታቸውን እያየሁ ነበር፤ ምንም አይነበብበትም። መጋዘን ውስጥ እንዲህ ነበር የሚያፋጥጡት ብዬ አሰብኩ።

«ከማን ገዛኸው?»

አባዬ ሱቁን ነገራቸው።

«ደረሰኝ?»

«አልሰጠኝም።»

«ቀለሙን ማን አስለቀቀው?»

«ልጄ ናት። በነጭ ጋዝ።»

ጋሼ ወደኔ ዞሩ። ከኔ ደግሞ ወደ መሬት። ሞረዱ እግሬ አጠገብ ነበር።

«ይሄ ሞረድ ምን ይሠራል?» አሉኝ።

ውሸት ቢፈለግ መቶ ነበር፤ አንዱም አልመጣልኝ አለ። አባዬ ቀደመኝ።

«ልትፍቀው ነበር ጋሼ። ለኔ ብላ ነው። እኔ ነኝ ያስጣልኳት።»

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። ከጎረቤት ግቢ የሬዲዮ ድምፅ ይሰማ እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ ማስታወቂያ ነበር፣ ስለ ሳሙና። ጋሼ አሞርዛተሩን አንዴ በእጃቸው ገለበጡት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«የኔ አይደለም» አሉ።

«እንዴ፣ አንተ» አለች እትዬ፣ «ይሄ እኮ...»

«የኔ አይደለም አልኩ። ሦስት ነጥብ የሚመታ ሰው እኔ ብቻ ነኝ?» ሁለቱንም ለአባዬ መለሱለት። «ግጠመው። ጎሚኒው ግን ደርቋል፤ እሱን ሳትቀይር እንዳትገጥመው።» ይህን ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ፤ እትዬ እያየችን ተከተለቻቸው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ አንዲት ቃል አላመንኳቸውም። ባልዲ ሲጠፋ ቆራሌ የሚፈትሹ ሰው በድንገት ደግ ይሆናሉ? ወጥመድ ነው ብዬ አሰብኩ። እንድንገጥመው ነው የፈለጉት፤ ስንገጥመው ፖሊስ ይዘው ይመጣሉ፤ መኪናችን ላይ እንዳለ ይያዛል። እናቴም «ምስክር ሊጠሩ ነው» አለች። አባዬ አሞርዛተሮቹን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ዓይኔን ከበራቸው ላይ አላነሣሁም።

በሩ ተከፈተ። ጋሼ የቤተ ክርስቲያን ልብሳቸውን ቀይረው፣ ያረጀ የመጋዘን ካፖርታቸውን ለብሰው ወጡ። አንድ እጃቸው የመፍቻ ሳጥን፣ ሌላው ሁለት ጥንድ አዲስ ጎሚኒ ይዟል፤ የራሳቸው መኪና ደህና አሞርዛተር ስታገኝ ሊገጥሙላት ያስቀመጡት የላስቲክ ቀለበት ነው። መጥተው ከአባዬ ጎን ተንበረከኩ።

«ዘንጉን በፒንሳ ልያዝልህ፤ አለበለዚያ አብሮህ ይዞራል» አሉት።

ሲሠሩ ዋሉ። ጋሼ ይይዛሉ፣ አባዬ ይፈታል፤ ቪዲዮውን እያየሁ ቀጥሎ የሚመጣውን እነግራቸዋለሁ። አንዴ «ስልክሽ ተሳስቷል» አሉኝ። አልተሳሳተም ነበር፣ ግን እሺ አልኩ። በየመሀሉ ከሳጥናቸው የወጣውን እያንዳንዱን መፍቻ በዓይኔ እይዝ ነበር፤ ማታ አንድ ጠፋብኝ ቢሉ ምን እመልሳለሁ ብዬ። የዝገት፣ የነጭ ጋዝና የእሳቸው የካፖርት ሽታ አንድ ላይ ነበር። የመስጊዱ አዛን ሲሰማ የመጨረሻው ዳዶ ጠበቀ።

ለሙከራ ሦስታችን ወጣን። ጋሼ የፊት ወንበር አልፈልግም ብለው ከኋላ፣ ልክ ከአሞርዛተሮቹ በላይ ተቀመጡ። አባዬ ጉድጓዱን እያሳበረ ቀስ ብሎ ሲነዳ «ምታው እንጂ፣ ካልመታኸው በምን ይታወቃል?» አሉት። መታው። ኋላዋ አንዴ ወረደና ተነሣ፤ ከዚያ ጸጥ አለ።

«ያዘ» አሉ ጋሼ።

ትንሽ ከሄድን በኋላ ደግሞ «የባልዲውን ወሬ ግን አንተ ነህ የነገርከው» አሉ።

«እኔ ነኝ ጋሼ። ለጨዋታ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉና በመስኮት ወደ ውጭ አዩ።

አባዬ ዓይኑን በክንዱ ጠረገና መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። ጋሼ ይህን እንዳላዩ ሆኑ።

ፖሊስ አልመጣም። እኔ ግን ወሩን ሙሉ ጠብቄያለሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለቱም ኮፈኖች ተከፈቱ። የጋሼ መኪና ግን ያን ያለቀውን አሞርዛተር ይዛ ቀረች፤ ደፉን ስትሻገር ኋላዋ እንደ በፊቱ ከፍ ዝቅ ይላል። አባዬ ሌላ ጥንድ ልግዛልዎት ብሎ ስንት ጊዜ ለመናቸው። «የጡረተኛ መኪና የት ትሄዳለች?» ይሉታል። እኔ በመስኮት ያችን የምትወዛወዝ ሰማያዊ መኪና በዓይኔ እሸኛት ነበር። የራሳቸውን ዕቃ የኔ አይደለም በማለታቸው ሲወጡና ሲገቡ ይንገላቱ ነበር።

ዛሬ እኔም መኪና አለኝ፤ ጋራዥ ስወስዳት አጠገቧ ቆሜ ነው የማሠራው። መካኒኩ «እህቴ፣ አታምኚንም እንዴ?» ይለኛል። አላምንህም እለዋለሁ። ሰው እንዴት እንደሚጠረጠር ከጎረቤቴ ተምሬያለሁ፤ ያን እሑድ ያደረጉትን ግን እስካሁን አልቻልኩበትም።

ግቢው ለልማት ሲፈርስ እኛ በከተማው አንድ ጫፍ፣ እነ ጋሼ በሌላው ጫፍ የኮንዶሚኒየም ቤት ደረሰን። አባዬ በበዓል በበዓል እየሄደ ይጠይቃቸው ነበር። አምና ማረፋቸውን እትዬ በስልክ ነገረችን። ልቅሶ ቤት አባዬን ይዤው ሄድኩ፤ አሁን እሱም ደረጃ ሲወጣ ክንዱን ይዞለት የሚሄድ ሰው ይፈልጋል። ድንኳኑ ውስጥ አብረዋቸው መጋዘን የሠሩ ሽማግሌዎች ስለ እሳቸው ሲጫወቱ ነበር። አንዱ «ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጥላቸውን እንኳ የማያምኑ ሰው ነበሩ» አለ፤ ሰው ሁሉ ፈገግ አለ። እትዬም በእንባዋ መሀል ፈገግ አለች።

አባዬ አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ መዳፎቹን ሲያይ ቆየና «እኔን ግን አምነውኛል» አለ። ድምፁ በጣም ዝቅ ያለ ስለነበር ከእኔ በቀር የሰማው ሰው ያለ አይመስለኝም።